ፊት ቀኙ ጎማ፣ ላስቲኳ ቫልቮላና የማይጠፋው መብራት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የሚኖር አንባቢ ከአሜሪካ የገባች የ2010 ሞዴል ኮሮላ አለችው። ከሁለት ወር በፊት ለፊቶቹ ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች ገዝቶ አስገጠመ። ሻጩ «የ2016 ናቸው» ብሎታል፤ ጎማው ላይ 3516 የሚል ቁጥር አለ። በማግስቱ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የጎማ መብራት መጣ። መኪናዋን ሲያስነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ በርቶ ይቀራል። ፊት ቀኙ ጎማ በየአራት ቀኑ ንፋስ ይጎድለዋል። ቀስ ብሎ ሲነዳም ከዚያው ጎማ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። የገጠመለት ሰው «መብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፍበትና እርሳው» አለው። አሁን የኋላዎቹን ሊቀይር ነው፤ በ195/65አር15 ፋንታ 185/65አር15 በርካሽ አግኝቷል። መተማ ደርሶ መመለስም አለበት።

ወንድሜ፣ መኪናህን ሳላያት ልወራረድ። ፊት ቀኝ ያለው ሴንሰር፣ የጎማውን ንፋስ ለክቶ ለመኪናዋ የሚነግረው ዕቃ፣ ተሰብሯል። የሰበረውም ያ «ፕላስተር ለጥፍ» ያለህ ሰው ነው።

ያስጠረጠረኝ ብልጭታው ነው። መብራቱ ሳይብለጨለጭ በርቶ ከቀረ ንፋስ ጎድሏል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ተብለጭልጮ በርቶ ከቀረ ግን መኪናዋ «ሴንሰር ጠፋብኝ» እያለች ነው። ጎማው በተቀየረ ማግስት ከጠፋ ደግሞ ሌላ ምን ልጠርጥር?

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ቁልፍም አያስፈልግህም። አራቱንም ቫልቮላዎች ዞረህ እይ። በአንተ መኪና ሴንሰሩ ያለው ቸርኬ ላይ ቫልቮላው ብረት ነው፣ ሥሩም ላይ ዳዶ አለው። ፊት ቀኙ ላይ ጥቁር ላስቲክ ቫልቮላ ካየህ ነገሩ አለቀ። ሴንሰሩ ከቫልቮላው ጋር የተያያዘ ትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ቸርኬው ላይ ተኝቶ ይቀመጣል። ጎማ የሚፈታው ሰው መፈልቀቂያ ብረቱን በቫልቮላው በኩል ካስገባ ቀጭ ይላል። ባለፈው ክረምት አንዱን ጎማ ስፈታ ስብርባሪው እንደ ጸናጽል እየተንሿሿ ወጣ፤ የውስጡን ግድግዳ ፍቆት ቸርኬው በጥቁር የጎማ ዱቄት ተሞልቷል። ያንተም ኳ ኳ ይኼው ይመስለኛል።

ንፋሱ የሚወጣውም እዚያው አካባቢ ነው። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ መጀመሪያ ቫልቮላው ሥር፣ ቀጥሎ አፉ ላይ፣ ከዚያ የቸርኬው ከንፈር ዙሪያ አድርግ። ያቺ ርካሽ ላስቲክ ቫልቮላ ስትታጠፍ ሥሯ ላይ ተሰንጥቃ ታገኛታለህ። ገበያው በእነሱ ተጥለቅልቋል፤ ዓመት ሳይሞላቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃሉ። ከብረቶቹ አንዱ አረፋ ካወጣ ደግሞ ዳዶው ሥር ያለችው ላስቲክ አልቃለች፣ እሷ ብቻ ትቀየር። የብረቱ ቫልቮላ ውስጥ የነሐስ ቀለም ያላት ተራ መርፌ (ንፋሱን የምትዘጋዋ) እንዳይከቱበት ተጠንቀቅ። ከአሉሚኒየሙ ጋር ተበላልታ ትጣበቅና ሌላ ቀን ስትፈታት ቫልቮላውን ይዛው ትሰበራለች። በነጭ ኒኬል የተለበጠችው ናት የእሱ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ጎማ ሲነፋ ፊት ለፊቱ አትቁም። በጎን ሁን፣ ልጅ ካለም ከአጠገቡ አርቅ። ጎማው ቸርኬው ላይ እስኪቀመጥ ብለህ ከ40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አታሳልፍ። እምቢ ካለ አስተንፍሰህ፣ ሳሙና ቀብተህ እንደገና ሞክር። ቤንዚን ረጭቶ ክብሪት የሚጭር ካየህ መኪናህን ይዘህ ሂድ።

ወደ ጎማው እንምጣ። ሻጩ አልዋሸህም፤ ግን የ2016ቱን ዘመን አቆጣጠር አልነገረህም። 3516 ማለት በፈረንጅ 2016፣ በ35ኛው ሳምንት ማለት ነው። በእኛ ነሐሴ 2008 መሆኑ ነው። አንተ በእኛ 2016 የተሠራ መስሎህ የገዛኸው ጎማ ካሰብከው በወደ ስምንት ዓመት ያረጀ ነው። በዚህ የተሸወደው ሰው ብዛቱ! አምራቾቹ ጥርሱ ቢያምርም ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ይውጣ ይላሉ። እኔ ስድስት ካለፈው ቆላ ይዤው አልወርድም። ጥርሱ መሀል በጣትህ ከፈት አድርገህ እይ፤ እንደ ክረምት ጭቃ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ላስቲኩ ሞቷል።

185ቱን ተወው። ቸርኬው ላይ ይገባል፣ እውነት ነው። ግን ጎኑ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር አንብብ። 195ቱ ላይ ብዙ ጊዜ 91 ይላል፣ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 185ቱ ላይ 88 ነው፣ 560 ኪሎ። በሁለቱ የኋላ ጎማ ልዩነቱ 110 ኪሎ መጣ፤ አንድ ኩንታል ጤፍና ጥቂት ኪሎ መሆኑ ነው። ከመተማ ባዶህን ትመለሳለህ ብዬ አላምንም። ዙሪያውም ከፊቶቹ ያንሳል።

ስለዚህ ብር ካለህ አራቱንም በ195 ቀይር። ካልሞላልህ ሁለት አዲስ ገዝተህ ከኋላ አስገባ። «መኪናዋ የምትጎተተው በፊት ነው» ብለው ከፊት ሊያስሩልህ ይከራከሩሃል፤ አትስማ። በዝናብ የአዘዞን ቁልቁለት ስትወርድ የኋላዋ ሊሾ ከሆነ መኪናዋ ዞራ ጎንደርን ታሳይሃለች። ፊት ያሉትን አሮጌዎች ግን ከተማ ውስጥ ብቻ ንዳባቸው፣ መተማ ይዘሃቸው እንዳትሄድ።

መተማ ካልክ አይቀር አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እግዜር ይወቀው፣ ዛሬም አልዘልለውም። ጎማ የሚለካው ሲበርድ ነው። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ፀሐይ ሳይነካት። አየር ሲሞቅ ይገፋል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያንተ ጎማ ወደ 1.5 ፒኤስአይ ይጨምራል። አሁን አብረን እንሂድ። ጎንደር ጠዋት 33 ሞላህ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ጭልጋን አልፈህ ቆላ ስትገባ አስፋልቱ ይግላል፣ ጎማው በራሱ መሽከርከርም ይሞቃል። ገንዳ ውሃ ስትደርስ 39 ታነባለህ። ደነገጥክ። እዚያ ያለው ልጅም «በዝቷል፣ ይፈነዳል» ብሎ ፊስስስ አድርጎ ወደ 33 ያወርድልሃል። ሁለታችሁም ጥሩ የሠራችሁ መሰላችሁ። ማታ ጎንደር ገብተህ አደርክ። ጠዋት ስትለካ 27 ወይም 28 ነው።

27 ምን ያደርጋል ትለኛለህ። ሽቦ ደጋግመህ አጥፈህ ታውቃለህ? ይሞቃል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። እሱ መተጣጠፍ ነው የሚያግለው። መንገድ ላይ የፈነዳ ጎማ ስፈታ ከትርፍ ንፋስ ይልቅ በጉድለት የተቃጠለው ይበዛል፤ ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ፣ ላስቲኩ እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈርፍሮ። ስለዚህ የሞቀ ጎማ አታስተንፍስ። 39ኙን አምራቹ አስቦበታል። ምን ያህል ልሙላ ካልክ ደግሞ የሹፌሩን በር ከፍተህ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻ ጣሪያው ነው፣ እሱን አትሙላ።

አሁን ስለ ሴንሰሩ። ባትሪው ውስጡ የታሸገ ነው፣ አይቀየርም፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቢያገለግል ነው። ያንተዎቹ ከመኪናዋ ጋር የመጡ ከሆነ ሦስቱም በጭማሪ ሰዓት ላይ ናቸው። አራቱም ጎማ ሊፈታ ነውና ወይ አራቱንም ቀይር፣ ወይ ሁሉንም ተው። አንዱን ብቻ ብትገዛ ለሌላው እንደገና ጎማ ታስፈታለህ። ያንተ መኪና የአሜሪካ ስለሆነች 315 ሜጋኸርዝ ነው የምትፈልገው። የአውሮፓ ብለው የሚሸጡልህ 433 ነው፤ ይገጠማል፣ አየር ይይዛል፣ ግን መኪናዋ አትሰማውም። ከተገጠመ በኋላ የየሴንሰሩ መለያ ቁጥር በማሽን መኪናዋ ውስጥ ይመዘገባል። ብዙ ሰው መብራቱ ሦስቴ ቀስ ብሎ ብልጭ እስኪል የሪሴት ቁልፉን ይጫንና «አልሠራም» ይለኛል። ሪሴቱ የንፋሱን ልክ ነው የሚያስተካክለው፣ አዲስ ሴንሰር አያስተዋውቅም።

ካላገኘህ ወይም ብሩ ከከበደህ፣ አራት ጥሩ ቫልቮላ አስገብተህ የእጅ መለኪያ ግዛ። መብራቱ ይብራ፣ ግድ የለም። ግን ካሁን በኋላ ንፋስ ሲጎድል አይነግርህም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ጠዋት ራስህ ለካ፣ ስኮርቱንም (መጠባበቂያ ጎማውን) ጨምረህ። ቆርቆሮ ውስጥ የሚሸጠውን ቀዳዳ መድፈኛ አረፋ ግን አትንፋበት፤ ሴንሰሩን ይደፍነዋል፣ እኛንም ስናጸዳ ያውለናል።

ቤትህ በራስህ ኮምፕረሰር የምትነፋ ከሆነ ቱቦው ረዘም ያለ ይሁን። ፊት ለፊቱ አትቁም ብያለሁ።

ፊት ቀኙ ሲፈታ አጠገቡ ሁን። ስብርባሪው ውስጥ ካለ ጎሚስታው ሳይወረውረው ተቀበለው። የዕቃው ቁጥር ላዩ ላይ ተጽፏል፤ አዲሱን የምትገዛው በእሱ ነው።