የድሮ የአሜሪካ ፕሩፍ ወርቅ ለመሰብሰብ ላሰባችሁ

ውድ ልጆቼ፣

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተመቱ የአሜሪካ ፕሩፍ የወርቅ ሳንቲሞች ልባችሁን ከሳቡት፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ገጻቸውን ማየት ተማሩ። ዋጋቸውን የሚሰቅለውም የሚጥለውም ገጻቸው ነው።

ፕሩፍ ለግብይት ሳይሆን ለሰብሳቢ ተብሎ ፊላደልፊያ ባለው የመንግሥት የሳንቲም ማተሚያ ቤት በጥንቃቄ የተመታ ሳንቲም ነው። የማተሚያው ብረትም ያልተመታው ወርቅም አስቀድሞ ይወለወላል። ስለዚህ ባዶው ቦታ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ምስሉ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ልዩነቱ ጎልቶ ሲወጣ ካሜዮ ይባላል፤ በጣም ሲጎላ ዲፕ ካሜዮ ወይም አልትራ ካሜዮ።

የተመቱት ጥቂት ናቸው። የ1875ቱ ባለ 3 ዶላር በመዝገብ የተያዘው 20 ብቻ ነው። ባለ 20 ዶላሩ ፊላደልፊያ ላይ በ1883 92፣ በ1884 71፣ በ1887 121 ተመቷል፤ ሁሉም ፕሩፍ ናቸው። አጭበርባሪ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ1883 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ባለ 20 ዶላር ስለመታች፣ በጀርባው ካለው ንስር ጅራት ሥር ያለችውን የሳን ፍራንሲስኮ መለያ የ«ኤስ» ምልክት ፍቆ የፊላደልፊያ ሊያስመስለው ይችላል። ሚዛን እዚህ አያድናችሁም፤ ወርቁ እውነተኛ ነው፣ 33.436 ግራም ክብደቱም 34 ሚሊሜትር ስፋቱም ልክ ይመጣል። ከጅራቱ ሥር ያለውን ቦታ በማጉያ መነጽር ፈትሹ። ጎድጎድ ካለ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ካለው ወይም ቀለሙ ከአካባቢው ከተለየ ተዉት።

ማንጸባረቁ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። አዲስ በተወለወለ ብረት የተመቱ ተራ ሳንቲሞችም መጀመሪያ ላይ ያንጸባርቃሉ። የጠርዙን ማዕዘን፣ የኮከቦቹን ውስጣዊ መስመር፣ በጠርዙ ዙሪያ ያሉትን ጥርሶች ተመልከቱ፤ ፕሩፍ ላይ ሁሉም ስለታም ነው። ብዙ ፕሩፍ ወርቅ ገጹ ላይ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ስስ ሸካራነት አለው፤ በትክክለኛ ፎቶ ካያችሁት በኋላ አትረሱትም።

ጨለም ባለ ክፍል አንድ ነጠላ አምፖል አብሩና ሳንቲሙን ጠርዙን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ አንድ ጊዜ በጨርቅ የተጠረገ ፕሩፍ ፀጉር የሚያህሉ ጭረቶች ያወጣል፤ ብርሃኑ በአንድ ማዕዘን ሲያርፍ ብቻ ይታያሉ። የነጋዴው ሰፊ የጣሪያ መብራት ይደብቃቸዋል። ጭረቱን በቅባት መሰል ነገር የሚሸፍኑም አሉ፤ ገጹ ጭጋግ የያዘው ከመሰላችሁ ተጠንቀቁ።

ሳንቲም መርምረው ነጥብ ሰጥተው ከሚያሽጉት ኩባንያዎች፣ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ያሸገውን ብትገዙ ይሻላል። የማሸጊያውን ቁጥር ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ከፎቶው ጋር አመሳክሩ፤ ማሸጊያም ይጭበረበራል። ከ70 የሚሰጠው ነጥብ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች ውበታቸው የትየለሌ ሊራራቅ ይችላል። ጨረታ ላይ ደግሞ ካሸነፋችሁበት ዋጋ በላይ የአጫራቹ ክፍያ አለ፤ 20 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ ጣሪያችሁን ስታስቡ ቀንሱት።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የሳንቲም ስብስብ እዚያው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ አትጥረጉት፤ ሳሙናም ሆነ የጌጥ ማጽጃ አይንካው። ፒቪሲ በሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከቆየ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋበታል። ያልታሸገ ከሆነና ይህ ከደረሰበት፣ እሳት በሌለበትና አየር በሚገባበት ቦታ በንጹህ አሴቶን መንከርና ሳያሹ ማድረቅ ይቻላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ሽቶና ቅባት ስላለው አይሆንም። እጃችሁን ካላመናችሁት ለባለሙያ ስጡት፤ የጥገናው ክፍያ ከጠፋ ገጽ ይረክሳል።