በውጊያ ሳይሆን በበረራ አደጋ የሞተ ወጣት አብራሪ እንዴት ይታወስ?

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ በሥልጠና በረራ ላይ ስለሞተ የ20 ዓመት አብራሪ አጭር የመታሰቢያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በእጄ ያለው ስሙና የሞተበት ቀን ብቻ ነው። ጠላት ሳይገጥም የሞተ ከጦርነቱ ሰለባዎች ይቆጠራል? ምን እንደደረሰበትስ ከየት ልፈልግ?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር ይቆጠራል። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የሚያየው ቀኑን እንጂ አሟሟቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1947 ድረስ በአገልግሎት ላይ እያለ የሞተ ወታደር፣ በጥይትም ይሁን በአደጋ ወይም በሕመም፣ እኩል ይታሰባል። የመቃብር ድንጋዩም ማዕረጉን፣ ስሙንና ቀኑን ይናገራል እንጂ በምን እንደሞተ አይናገርም። ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም፤ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ዕዝ ካጣቸው ከ55,000 በላይ የበረራ ባልደረቦች ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ያለቁት በሥልጠናና ከውጊያ ውጭ በሆኑ በረራዎች ነው።

ፍለጋውን ከኮሚሽኑ የስም መዝገብ ይጀምሩና የአገልግሎት ቁጥሩን ይያዙ። ተመሳሳይ ስም ብዙ ስለሆነ በስም ብቻ መሄድ ወደ ሌላ ሰው ይወስዳል። ተራ ወታደር ሆኖ ጀምሮ መኮንን የሆነ አብራሪ ግን ቁጥሩ ስለሚቀየር፣ ሁለት ቁጥር ካገኙ ሁለት ሰው ነው ብለው አይቸኩሉ። ቀጥሎ ፎርም 1180 የተባለውን የአደጋ ካርድ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየምን ይጠይቁ። የክፍሉን የዕለት መዝገብ ደግሞ ለንደን፣ ኪው ከሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያገኙታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውጊያ ላይ የተሰማሩ ስኳድሮኖች (የአየር ኃይል ምድቦች) መዝገብ ኤር 27 በሚባለው ክምችት ሲገኝ የሥልጠና ክፍሎቹ ያሉት ኤር 29 ውስጥ ነው። ሰልጣኝን ኤር 27 ውስጥ ቢፈልጉ ቀኑን ሙሉ ገልጠው ባዶ እጅዎን ይወጣሉ።

መቃብሩንም አውሮፕላኑ በወደቀበት አካባቢ ብቻ አይፈልጉ። እንግሊዝ ውስጥ የሞቱትን ብዙ ቤተሰቦች አስከሬናቸውን ወስደው በትውልድ ቀያቸው ቀብረዋል። አስከሬኑ ያልተገኘ ከሆነ እንግሊዝ ውስጥ ራኒሚድ በተባለ ቦታ በሚገኘው የአየር ኃይል መታሰቢያ ላይ ከተቀረጹት ከ20,000 በላይ ስሞች መካከል ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የአደጋው ካርድ ላይ «የአብራሪው ስህተት» ይላል። ልጻፈው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይጻፉት፤ ብቻውን ግን አይተዉት። የሞተው ልጅ ቀርቦ አልተጠየቀም፤ ካርዱም አጭር ነው። እዚያው ካርድ ላይ የበረራ ሰዓቱ ተመዝግቦ ከሆነ አብረው ያስፍሩ፤ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ስንት ሰዓት በረረ? በሌሊትስ? ከዚያ የዕለቱን አየር ሁኔታ ይመልከቱ።

የከፍታ መለኪያውን ብቻ እንውሰድ። የሚሠራው በአየር ግፊት ሲሆን ከመነሳት በፊት በማረፊያው ግፊት ልክ ይስተካከላል። በረራው ላይ እያለ ግፊቱ በ10 ሚሊባር (ሚሊባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ከወረደ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍታ 300 ጫማ ያህል አብልጦ ያሳያል። ደመና ውስጥ እየወረደ ያለ ልጅ መርፌው 300 ጫማ ሲያሳየው መሬት ደርሷል ማለት ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን እንደተነሳ አንዱ ሞተር ከጠፋበት ደግሞ የሚሠራው ሞተር አፍንጫውን ወደጠፋው ወገን ያዞረዋል፤ ፍጥነቱ ካነሰ የጅራቱ መሪ አይመልሰውም፣ በሰከንዶች ውስጥ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ «ስህተት» በምትል አንዲት ቃል ሊታለፍ አይገባም።

ግጭት ከሆነ ሌላኛውን አውሮፕላን ፈጽሞ አይርሱ። ገጣሚው አብራሪ ጆን ጊሌስፒ ማጊ በካናዳ አየር ኃይል 412ኛ ስኳድሮን ሲያገለግል፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1941 እንግሊዝ ውስጥ ሊንከንሻየር ላይ ስፒትፋየር የተባለ ተዋጊ አውሮፕላኑን እያበረረ ከደመና ሲወርድ፣ ከክራንዌል የአየር ኃይል ጣቢያ ከተነሳ ኦክስፎርድ ከተባለ የሥልጠና አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከአውሮፕላኑ ዘሎ ቢወጣም ለመሬት በጣም ቀርቦ ስለነበር ፓራሹቱ አላዳነውም። ዕድሜው 19 ነበር፤ የተቀበረውም እዚያው አቅራቢያ ስኮፕዊክ ነው። የኦክስፎርዱ ሰልጣኝም አብሮ ሞቷል፤ እሱም 19 ዓመቱ ነበር። ስለ ማጊ ብዙ ተጽፏል፤ የዚያን ሰልጣኝ ስም የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። በእርስዎም ጽሑፍ የሁለቱም አውሮፕላኖች ሟቾች ከነማዕረጋቸው ይሰለፉ።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ ከወደቀበት ቦታ ስብርባሪ ለመታሰቢያ ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ መሠረት የወደቀ ወታደራዊ አውሮፕላን ያለበት ቦታ የተጠበቀ ነው፤ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈርም ሆነ ዕቃ ማንሳት ወንጀል ነው። የሰው አካል ሊኖርበት ይችላልና ሕጉ ተገቢ ነው እንላለን። ቦታው የግል እርሻ ከሆነ ለመግባት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ፎቶግራፍ አንስተው በካርታ ላይ ምልክት ማድረግ ለጽሑፍዎ ይበቃል።