በማሽን ጉድለት ለተጎዳ ሠራተኛ ስላሉት የሕግ መንገዶች

እኅታችን፣ ወንድምዎ በሚሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ኢንጄክሽን ማሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ቅርጽ ማውጫ የሚያስገባ ማሽን) ሦስት ጣቶቹን እንደቆረጠው፣ በሩ ሲከፈት ማሽኑን ማቆም የነበረበት ሴንሰር ከአደጋው በፊትም ይበላሽ እንደነበር፣ ድርጅቱ ደግሞ የሕክምና ወጪውን ብቻ ሸፍኖ «በራሱ ጥንቃቄ ማጣት የደረሰ ነው» የሚል ወረቀት እንዲፈርም እየጠየቀው መሆኑን ጽፈዋል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበርና የደኅንነት ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ሳገለግል ከተጎዱ ባልደረቦቼ ጋር የሥራ ክርክር ችሎት ደጅ ስጠና የተማርኩትን አካፍልዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት ያንን ወረቀት አይፈርም። ከሕጉ በታች የሆነን ስምምነት በኋላ መቃወም ቢቻልም፣ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ያመነበት ጽሑፍ በፋይሉ ውስጥ ከገባ ክርክሩ ሳይጀመር ይከብዳል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 እንደሚለው፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ሲሆን፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚሁ ይቆጠራሉ። ተራ የጥንቃቄ ጉድለት በዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ድርጅቱ «መመሪያ ጥሷል» ካለ፣ መመሪያው በጽሑፍ መኖሩን፣ ወንድምዎ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት እንደሆነና ሥልጠና መውሰዱን የሚያሳይ ፊርማ እንዲያቀርብ መጠየቅ ነው። በእኔ ልምድ አብዛኛው ድርጅት እዚህ ላይ የሚያቀርበው ነገር ያጣል።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ገንዘብ የተወሰነ መሆኑን ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል። ከሕክምናና ከሰው ሠራሽ አካል ወጪ በተጨማሪ፣ መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶው፣ በቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶው ይከፈለዋል። ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የተቀመጠው ካሣ የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ከፊል ጉዳት ደግሞ የሕክምና ቦርድ በሚሰጠው መቶኛ ልክ ይሰላል። ደመወዙ በወር 4,000 ብር ቢሆንና ቦርዱ 20 በመቶ ቢል፣ የሚደርሰው 48,000 ብር፣ ማለትም የአንድ ዓመት ደመወዙ ብቻ ነው። የጡረታ ዐቅድ አባል ከሆነ ግን የጡረታ ሕጉም የሥራ ላይ ጉዳትን የሚመለከት የራሱ አከፋፈል ስላለው፣ ስሌቱ በየትኛው እንደሚሄድ አስቀድማችሁ አጣሩ።

የማሽኑ ጉዳይ የሚያስፈልገው ይህ ካሣ ስለማይበቃ ነው። ያው አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ካለበት ሠራተኛው በሌላ ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብቱ እንደማይነካ ይናገራል፤ ሌላው ሕግ በዋናነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነትን (በውል ላይ ያልተመሠረተ የጉዳት ተጠያቂነትን) የሚመለከተው ክፍል ነው። በዚህ በኩል ወደፊት የሚቀርበት ገቢ ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለሕሊና ጉዳት (ለመንፈስ ሥቃይ) የተፈቀደው ግን ዛሬም ከ1,000 ብር አይበልጥም፣ ያሳፍራል። ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ስለማይካስ፣ ቀድሞ የተከፈለው ይቀነሳል ብላችሁ አስቡ።

እዚህ ላይ ማጣራት ያለባችሁ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ነው። ሴንሰሩ ሲበላሽ ቴክኒሻኖች ምርት እንዳይቆም በሽቦ ባይፓስ አድርገውት (ሳይሠራ እንዲታለፍ አድርገውት) ከነበረ፣ ወይም ጋርዱ (የማሽኑ መከለያ) ተነቅሎ ከነበረ፣ ጥፋቱ የአሠሪው እንጂ የአምራቹ አይደለም፤ እኔ ያየኋቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ። ማሽኑ ሲሠራ ጀምሮ ጉድለት የነበረበት ከሆነ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ጉድለት ከሆነ ግን አምራቹ ያመልጣል፤ ለወራት ሲበላሽ የሚታይ ሴንሰርም ለዚህ መከራከሪያ ያመቻል። አምራቹ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ መጥሪያ ማድረስም ሆነ ፍርድ ማስፈጸም እጅግ ከባድ ነው። ስለሆነም አገር ውስጥ ያለው አስመጪ ወይም የጥገና ተቋራጭ የራሱ ጥፋት እንዳለበት ማየቱ የበለጠ ተስፋ አለው።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ማስረጃ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። አደጋ በደረሰ ማግስት ሴንሰሩ ተቀይሮ፣ ጋርዱ ተገጥሞ፣ ማሽኑ ቀለም ተቀብቶ ያየሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአካባቢያችሁ የሥራና ክህሎት ቢሮ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሽኑን እንዲያይ ጠይቁ፤ የገባበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ቅጅም ያዙ። የማሽኑ ሞዴል፣ መለያ ቁጥርና የተመረተበት ዓመት በጎኑ ካለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። የጥገና መዝገቡን ድርጅቱ በፈቃዱ ባይሰጥም ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ሊያዘው ስለሚችል፣ መኖሩን የሚያውቅ ቴክኒሻን ማግኘት ይበቃል። በዚያ ሽፍት የነበሩ ሠራተኞች ዛሬ የሚናገሩትን ከስድስት ወር በኋላ ላይደግሙት ይችላሉና ስማቸውን አሁን መዝግቡ።

የጊዜ ገደቡን በተመለከተ፣ በአዋጁ መሠረት የሚቀርብ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ከውል ውጭ የሚቀርበው ደግሞ በሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት አለን ብላችሁ ግን በአዋጁ መሠረት በአሠሪው ላይ የምታቀርቡትን ጥያቄ አታዘግዩ፤ ከአደጋው ቀን ጀምራችሁ አንድ ዓመት ቁጠሩ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ግን ክፍያ ስላለው፣ አቅም ከሌለው በነጻ እንዲከስ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ማመልከቻውን ያዘጋጁለታል። ወደዚያ ሲሄድ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የሆስፒታል ካርዱን ይያዝ።