ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ፈረስ ከጣለኝ በኋላ ለ80 ኪሎ ሜትር ውድድር ልቅረብ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ያደግሁት እንጅባራ አጠገብ ሲሆን አባቴ በየዓመቱ ጥር 23 ከአገው ፈረሰኞች ጋር የሚወጣ ሰው ነበር። እዚህ መጥቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የአረብ ዝርያ ያለው ዳማ ፈረስ ገዛሁ። ፈጣን ነው፤ ግን ደንባሪና እልኸኛ ነው። ከ19 ቀን በኋላ የመጀመሪያ ውድድሬ ነው፤ 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ስጋልብ ባቴ ይሸማቀቃል፣ ጭኔ ይላጣል፤ ምን ላድርግ? ሁለተኛ፣ በውድድሩ ቀን አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ብወስድ ችግር አለው? ከ9 ቀን በፊት ፈረሱ አጋዘን አይቶ ደንብሮ ጥሎኝ ነበርና ራሴን ትንሽ ያመኛል። ለባለቤቴ ጥርስ የታዘዘውን ባለ 800 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ እየወሰድኩ ነው። ሄልሜት ስለነበረኝ ሄልሜቱ ተሰነጠቀ እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ወዲያው ተነሥቼ፣ ተመልሼ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። የግጦሹን በር ማን እንደከፈተው ብቻ አላስታውስም። ባለቤቴ «ፈርተሽ ነው» ይላል። አጎቴ ጉግስ ላይ ከወደቀ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጭን መላጥ ብቻ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አጎቱን አያነሣም። የፈሩት «አንጎሌ ተነክቶ እንደ አጎቴ እቀር ይሆን?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ከጻፉልኝ ስነሣ የደረሰብዎት የአንጎል መናወጥ ይመስላል፤ እዚያ ያሉ ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት። አጎትዎን አላየኋቸውም፤ ስለ እሳቸው ምንም ማለት አልችልም። እርስዎ ግን በ9ኛው ቀን በእግርዎ እየሄዱ፣ ሥራ እየገቡ፣ ሐሳብዎን በቅደም ተከተል ጽፈውልኛል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። የአንጎል መናወጥ የደረሰበት አብዛኛው ጎልማሳ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናል፤ ሰውነቱም ጠባዩም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ይያዙልኝ፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምጽፈው አያስደስትዎትም።

በሩን ማን ከፈተው?

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እርስዎ «ብቻ» ብለው ያለፉት ነገር ለእኔ የደብዳቤው ዋና ነገር ነው። ብቻዎን ከነበሩ በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ከፈረስ ወርደው ወይም ጎንበስ ብለው፣ መቀርቀሪያውን ስበው፣ ፈረሱን አስገብተው፣ መልሰው ዘግተዋል። እጅዎ ሠርቷል፤ አንጎልዎ ግን አልመዘገበም። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቢያገኝዎት ምናልባት ሰላም ብለውት ያልፉ ነበር፤ እሱም «ደህና ናት» ብሎ ይሄድ ነበር። የአንጎል መናወጥ አሳሳችነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ራስን መሳት ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው ራሱን ሳይስት፣ እየተራመደና እያወራ፣ ከቀኑ ውስጥ አንድ ቁራጭ ይጎድልበታል። «ሄልሜት ስለነበረኝ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። ሄልሜት የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ ያድናል፤ የእርስዎንም ሳያድን አልቀረም፣ እሱ ራሱ ተሰንጥቆ። ቅሉ ውስጥ ያለውን አንጎል ከመናወጥ ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። እንቁላል በሣጥን አድርገው ቢወረውሩት ቅርፊቱ ሳይሰበር አስኳሉ ሊፈርስ ይችላል።

ደግሞ «ፈረስ የጣለው ሰው ወዲያው ተመልሶ ካልወጣ ፍርሃት ይገባበታል» የሚለው ነገር አለ። እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ በፈረሰኛ አገር ሁሉ የሚባል ይመስለኛል። መሪዎቹን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረሳቸው ስም በሚጠራ አገር ላደገ ሰው ወድቆ በእግር መመለስ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ይህ አባባል ስንቱን በተናወጠ ራሱ ኮርቻ ላይ መልሶ እንዳስቀመጠው ሳስብ እናደዳለሁ። ራሱን የተመታ ሰው በዚያው ቀን ወደ ስፖርቱ አይመለስም፤ በእግር ኳስም በቦክስም ሕጉ ይኸው ነው። በፈረስ ደግሞ ይብሳል። ኳስ ተጫዋች የሚወድቀው ከራሱ ቁመት ነው፤ የእርስዎ ራስ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ከመሬት ከ2 ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከሥርዎ ያለው ደግሞ 400 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚዘል እንስሳ ነው። በተናወጠ አንጎል ዛብ የሚይዘው እጅ ይዘገያል፤ ሚዛን ይሳሳታል። ሰጋር በቅሎ ቢሆን ኖሮ እንኳ እከለክልዎት ነበር። ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ምት ሲያርፍበት የሳምንታቱ ሕመም የወራት ሊሆን ይችላል። ባለቤትዎ «ፈርተሽ ነው» ካሉ፣ ፍርሃት ሄልሜት አይሰነጥቅም ብለው ይንገሩልኝ።

ስለ መድኃኒቱ። የሌላ ሰው የጥርስ መድኃኒት፣ ያውም በቀን 2400 ሚሊ ግራም፣ ለ9 ቀን፣ ራስዎን ተመተው! ይህን ሳነብ ብዕሬን አስቀምጬ ሻይ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። አይቡፕሮፌን ደም የመርጋት ኃይሉን ስለሚቀንስ ከራስ ምት በኋላ ባሉት ቀናት ሐኪም ሳያይ የሚወሰድ አይደለም። ጨጓራም ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ግን ምልክቱን ይሸፍናል፦ ራስ ምታትዎ እየቀነሰ ይሁን እየባሰ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

እርስዎ በገቡበት ውድድር ፈረሱ በየማረፊያው የእንስሳት ሐኪም ይጠብቀዋል። የልብ ምቱ በደቂቃ 60 ወይም 64 እስኪደርስ ካልወረደ አያልፍም፤ በሶምሶማ አስሮጠው ማነከሱን ያያሉ፤ ቆዳውን ቆንጥረው ውሃ መጉደሉን ይለካሉ፤ ሆዱን ያዳምጣሉ። ካነከሰ ውድድሩ እዚያው ያበቃል። በደሙ የሕመም ማስታገሻ ከተገኘ ይሰረዛል፤ ማስታገሻ ሕመሙን ደብቆ እንዲሮጥ ማድረግ ጭካኔ ነውና። ፈረሱ እንዳይውጠው የተከለከለውን እርስዎ በቀን ሦስት ጊዜ እየዋጡ ነው። ለእርስዎ ደግሞ በየማረፊያው የሚጠብቅ ሐኪም የለም። ያለዎት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ። ስለዚህ ለ19 ቀኑ ውድድር መልሴ አይሆንም ነው።

ዛሬ ወይም ነገ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሲሄዱ በመጀመሪያ የበሩን ነገር ይንገሯቸው፣ ቀጥሎ የመድኃኒቱን መጠን፣ ሳያፍሩ። ሲቲ፣ ማለትም የራስን ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ፣ ያስፈልግ እንደሆነ እነሱ ይወስናሉ። ሲቲው ምንም ባያሳይ ደም አልፈሰሰም ማለት ነው እንጂ አንጎሉ አልተናወጠም ማለት አይደለም፤ ወረቀቱን ይዘው ወደ ፈረሱ እንዳይሮጡ። ራስ ምታቱ በየሰዓቱ ከባሰ፣ ደጋግመው ካስታወኩ፣ ንግግርዎ ከተኮላተፈ፣ አንድ እጅዎ ወይም እግርዎ ከደከመ፣ ወይም እንቅልፍ ወስዶዎት ባለቤትዎ ሊቀሰቅስዎት ከተቸገረ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።

ሐኪሙ ሲፈቅድ መመለሻው በደረጃ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ምልክት ከተመለሰ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። መጀመሪያ በእግር መሄድ፣ ፈረሱን መቦረሽና መመገብ። ከዚያ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ፣ ያለ ፈረስ። ቀጥሎ በአጥር ውስጥ ረጋ ያለ የሰው ፈረስ ላይ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ዳማው የመጨረሻው ነው። የአረብ ፈረስ በ15 ዓመቱም ረጅም ርቀት ይሮጣል፤ እስከ መኸር ቢጠብቅዎት አይጎዳም።

ስለ ባትዎ፦ እርካብዎ አጥሮ ይሆናል፤ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርገው ይሞክሩት። በየማረፊያው ከፈረሱ ወርደው ትንሽ በእግር ይሂዱ። ውሃ ሲጠማዎት ይጠጡ፣ ጨው ያለበት ምግብ ይብሉ፤ ውሃ ብቻ በግድ መጋትም የደምን ጨው ያወርዳል። ለጭንዎ ከውስጥ በኩል ስፌት የሌለው ጠባብ ሱሪና ቫዝሊን ይበቃል። አይቡፕሮፌን ግን ጤነኛ ሆነው እንኳ በውድድር ቀን አይውሰዱ፤ ላብና ውሃ ጥም ባለበት ኩላሊት ይጎዳል።

የተሰነጠቀውን ሄልሜት አሁንም ጋራዥ ውስጥ እንዳስቀመጡት እጠረጥራለሁ። አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ሁለተኛ አያድንም። ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉት፤ ካልቆረጡት ጎረቤት አንሥቶ ለልጁ ያደርገዋል።