ሽቦ በመሪው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፦ ክላክሱ ለምን ብቻውን ይጮሃል?

አንድ የሐዋሳ አንባቢያችን ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክላቸው ላይ ብረት ቤት ያሠሩትን ረጅም መሪ ገጥመዋል። ሽቦው ከውጭ እንዳይታይ ብለውም መሪውን ከሞተር ሳይክሉ ጋር ጨብጠው ከሚይዙት ሁለት ማሰሪያዎች ውጭ፣ በግራና በቀኝ፣ ልክ ማሰሪያው በሚያልቅበት ቦታ በድሪል በስተው የሁለቱንም እጅ ሽቦዎች በቱቦው ውስጥ አሳልፈዋል። ሲስቡት መታጠፊያው ላይ ስለያዘባቸው በኃይል ጎትተውታል። አሁን መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት ክላክሱ ብቻውን ይጮሃል፤ ፊውዝ ግን አልተቃጠለም። መታጠፊያው ላይ ተልጧል ብለው የጠረጠሩትን ሽቦ ሳይፈቱ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ሽቦው መታጠፊያው ላይ ተልጦ ሊሆን ይችላል፤ ክላክሱን የሚያስጮኸው ግን እሱ አይመስለኝም። ቱቦው ውስጥ ያለው ሽቦ መሪው ሲዞር አብሮት ይዞራል እንጂ ከቱቦው ጋር አይፋተግም። መሪው በዞረ ቁጥር የሚወጠረውና የሚታጠፈው ሽቦው ከቱቦው ወጥቶ ወደ ሻንሲው የሚሻገርበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈተሸው የመውጫው ቀዳዳ ጠርዝ ነው።

ፊውዙ አለመቃጠሉም የሚነግረን ነገር አለ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ክላክሱ ቁልፍ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ፖዘቲቭ አለው፤ በእጅ የምንጫነው ስዊች ሥራው ኔጋቲቩን ከማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ከተገናኘው የሞተር ሳይክሉ ብረት) ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ከክላክሱ ወደ ስዊቹ የሚመጣው ሽቦ ተልጦ የመሪውን ብረት ቢነካ ስዊቹን እንደ መጫን ነው፤ ክላክሱ ይጮሃል፣ ፊውዙ ግን ምንም አይሆንም። የተላጠው የፊት መብራት ወይም የፍሬቻ ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ ፊውዙ ወዲያው በተቃጠለ ነበር።

ለማረጋገጥ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱና የግራውን ስዊች ሶኬት ከዋናው ሽቦ ይንቀሉት። ሽቦ መገናኘቱን በድምፅ የሚያሳውቀውን የቴስተር አንድ ጫፍ በስዊቹ በኩል ባለው የክላክስ ሽቦ ተርሚናል ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ቀለም በሌለበት የመሪው ብረት ላይ ያድርጉ። ማንም ስዊቹን ሳይጫን፣ ሽቦውን ቀዳዳው አፍ ላይ በጣትዎ ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሱት ቴስተሩ እየጮኸ የሚቆራረጥ ከሆነ ቦታውን አግኝተውታል።

ሳይፈቱ መጠገን ግን አይቻልም። ናስትሮ ጠቅልለው ወደ ቀዳዳው ቢገፉት፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሙጫው ይቀልጥና ይንሸራተታል፤ የብረቱ ስለት ግን እዚያው ነው።

ከክላክሱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የቀዳዳዎቹ ቦታ ነው። በመሪ ላይ ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው ልክ ማሰሪያው በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ እዚያ የተበሳ ቱቦ ከቀዳዳው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀዳዳውን በብየዳ መድፈንም መፍትሔ አይሆንም፤ ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን ብረት ያዳክመዋል። ስለዚህ በዚህ መሪ ባይነዱበትና አዲስ ቢያሠሩ እመክርዎታለሁ። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ።

አዲሱን ሲያሠሩ የውኃ ቧንቧ እንዳይቀበሉ። የባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ የውጭ ስፋት 21.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ22 ሚሊ ሜትር የተሠራ ማሰሪያ በደንብ አይጨብጠውም። ማንኛውም ተበይዶ የተሠራ ቱቦ ደግሞ ውስጡ በረጅሙ የሄደ የብየዳ ስፌት ሊኖረው ይችላል፤ ጣትዎን ከትተው ቢዳስሱት ስለቱ ይሰማዎታል። ሽቦዎ መታጠፊያው ላይ የተያዘውም በዚህ ስፌት ወይም በብየዳ ፍንጣሪ ሳይሆን አይቀርም። የመውጫ ቀዳዳው በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል፣ ከታች በኩል ይሁን፤ የመግቢያዎቹ ደግሞ ስዊቹ በሚሸፍናቸው ቦታ ላይ፣ እነሱም ከታች። ቀዳዳው በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ ሞላላ ቢሆን ይሻላል። ጠርዙን ከውጭም ከውስጥም በክብ ሞረድ አለስልሰው የጎማ ቀለበት ያልብሱት። መሪው ቀለም የሚቀባ ከሆነ ማሳ በብረቱ በኩል ላያገኙ ስለሚችሉ አንድ የማሳ ሽቦ ጨምረው ያሳልፉ። አሉሚኒየም መሪ ግን በጭራሽ አይበሳም።

ለመሳቡ ቀላሉ ዘዴ ከፌስታል ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ በጠንካራ ክር ጫፍ ማሰር፣ በስዊቹ በኩል ባለው ቀዳዳ መክተት፣ ከዚያ ሌሎቹን ቀዳዳዎችና የመሪውን ጫፎች በጨርቅ ደፍኖ የመሐሉን ብቻ ክፍት በመተው በጎሚስታ ኮምፕሬሰር መንፋት ነው፤ ቁራጩ ክሩን ይዞ በመሐል ይወጣል። በክሩ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ በፍሬን ሽቦው ደግሞ ዋናውን ይስባሉ። ሶኬቱ በቱቦው ስለማያልፍ አስቀድመው የቀለሞቹን አሰላለፍ ፎቶ አንስተው ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ ያውጡ፤ ከዚያም ጫፎቹን አበላልጠው እንደ ቀስት ጫፍ አሹለው ይሰሯቸው። የሕፃናት ፓውደር ከነሰነሱበት አይያዝም። አንድ ሰው ሲስብ ሌላው ከኋላ ይግፋ፤ ከያዘ ይመልሱት እንጂ አይጎትቱት።

ረጅም መሪ የሽቦ መቀጠል ግድ ይላል፤ መቀጠያው ግን ቱቦው ውስጥ መቅረት የለበትም። ለፊት መብራቱም 60 ዋት በ12 ቮልት ሲሰላ 5 አምፔር ያህል ስለሚሆን፣ ያንን ሁሉ በቀጭን ሽቦ በመሪው ውስጥ ከማዞር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች) ከፊት መብራቱ ጀርባ ቢያስገቡ ስዊቹም ዕድሜ ያገኛል።

ሶኬቱን ከመመለስዎ በፊት መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ ሽቦው ከመውጫው በታች በሁለቱም ጫፎች ላላ ብሎ ካልታየ፣ ወደ ሻንሲው ያሰሩበትን ቦታ ወደ መሪው ያቅርቡት።