የአንጎል ዕጢና ኤምአርአይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ አባቴ በራስ ምታትና በግራ እጁ መድከም ምክንያት ኤምአርአይ ተነስቶ ነበር። ውጤቱ «ከፍተኛ ደረጃ ግሊዮማ ሊሆን ይችላል» ይላል። አሁን ደግሞ «ፐርፊዥንና ስፔክትሮስኮፒ ያለው» ሌላ ኤምአርአይ ታዝዞለታል። የመጀመሪያው ምን ጎድሎት ነው? ሁለተኛውስ ከዕጢው ናሙና መውሰዱን ያስቀርለታል?

መልስ፦ ግሊዮማ የነርቭ ሕዋሳትን ከሚደግፉ ሕዋሳት የሚነሳ የአንጎል ዕጢ ነው፤ ደረጃው እስከ 4 ይደርሳል። የመጀመሪያው ኤምአርአይ የተጠየቀውን መልሷል። መደበኛው ኤምአርአይ ዕጢው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ዙሪያው ምን ያህል እንዳበጠ ያሳያል፤ ጋዶሊኒየም የተባለው ኮንትራስት ሲሰጥ ዕጢው ደምቆ መታየት አለመታየቱንም ይነግረናል። ነገር ግን ደመቀ ማለት በቦታው ያሉት የደም ሥሮች ኮንትራስቱን አሾልከዋል ማለት ብቻ ነው። ይህ በግሊዮብላስቶማ (ደረጃ 4 የሆነው ክፉ ግሊዮማ) ይታያል፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተዛመተ ካንሰር፣ በሊምፎማ (ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር)፣ በመግል፣ አልፎ አልፎም በነርቭ ሽፋን ቁጣ ይታያል። ሁለተኛው ምርመራ የሚታዘዘው እነዚህን ለመለየት ነው።

ፐርፊዥን በዕጢው ውስጥ ያለውን የደም መጠን ይለካል። ቁጥሩ የሚገኘው ዕጢውን ከተቃራኒው የአንጎል ክፍል ጤነኛ ነጭ ክፍል ጋር በማነጻጸር ነው፤ 3 ከተባለ ደሙ ከጤነኛው ሦስት እጥፍ ነው ማለት ነው። ከ1.75 በላይ ሲሆን ከፍተኛ ደረጃ ዕጢ ይጠረጠራል። ይህን ድንበር ግን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የተባለው የግሊዮማ ዓይነት ገና ደረጃ 2 ላይ እያለ ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ስላሉት ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ይህን የማያውቅን ሰው ቁጥሩ በከንቱ ያስደነግጠዋል። ዕጢው ግሊዮብላስቶማ ነው ወይስ የተዛመተ ካንሰር የሚል ጥያቄ ካለ ደግሞ ከዕጢው ይልቅ ዙሪያው ይታያል። ግሊዮብላስቶማ ወደ እብጠቱ ውስጥ ስለሚሰርግ በዚያም ደሙ ይጨምራል፤ በተዛመተ ካንሰር ዙሪያ ያለው ግን በአብዛኛው ውሃ ብቻ ነውና ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ከእነዚህ ጋር የሚታየው ዲፊዩዥን የተባለው ምስል ደግሞ የውሃን እንቅስቃሴ ያያል። ሕዋሳት ሲጠቀጠቁ ውሃ መላወሻ ያጣል፤ በሊምፎማ ይህ ጎልቶ ይታያል፣ የደም መጠኑ ግን እንደ ግሊዮብላስቶማ አይንርም። መግል ከሆነ የታፈነው ውሃ መሃሉ ላይ ነው፤ መሃሉ በሞተ ዕጢ ግን በዚያ ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ በነፃ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ሊምፎማ ተጠርጥሯል ወይ? ከተጠረጠረ፣ እብጠቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች ናሙና እስኪወሰድ ይዘገያሉ። መድኃኒቱ ሊምፎማን በጥቂት ቀናት ሊያሟሟው ስለሚችል ናሙናው ምንም ሳያሳይ ይቀራል።

ስፔክትሮስኮፒ ኬሚካል ይለካል። በግራፉ ላይ (ቁጥሮቹ የግራፉ መለኪያ ነጥቦች ናቸው) በ3.2 ኮሊን፣ በ3.0 ክሬአቲን፣ በ2.0 ደግሞ የጤነኛ ነርቭ ሕዋሳት ምልክት የሆነው ኤንኤኤ ይታያሉ። ኮሊን ከፍ፣ ኤንኤኤ ዝቅ ካለ የሕዋስ ሽፋን በብዛት እየተሠራና እየፈረሰ፣ ነርቩም እየጠፋ ነው። ያም ሆኖ የተቆጣ የነርቭ ሽፋንም ይህንኑ መልክ ሊያሳይ ስለሚችል ስፔክትሮስኮፒን ብቻውን ማመን አይገባም። የሚለካው ቦታ በየጎኑ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ አጥንት፣ ስብ ወይም ደም ከነካ ግራፉ ይበላሻል። ትንሽ ወይም ከራስ ቅል ጋር የተጠጋ ዕጢ ላይ «ስፔክትሮስኮፒው አልተሳካም» ቢባሉ ባለሙያው አጥፍቶ ላይሆን ይችላል።

ናሙናን ያስቀራል ወይ? አያስቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 ምደባ የዕጢውን ስም ከዘረመል ጋር አያይዞታልና ሕክምናው ያለ ናሙና አይወሰንም። ምስሉ ግን ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ይመራል። አንድ ዕጢ በአንድ በኩል ደረጃ 2፣ በሌላው በኩል ደረጃ 4 ሊመስል ይችላል፤ መርፌው ደም የበዛበትን ቦታ ከሳተ ውጤቱ ቀለል ያለ ደረጃ ይጽፋል፣ ሕክምናውም በዚያው ልክ ያንሳል። የአባትዎ እጅ ስለደከመ ደግሞ ሐኪሙ የነርቭ መስመሮችን የሚያሳየውን ምስል ሊያክልበት ይችላል። እሱን ለብቻው የሚተማመን ቀዶ ሐኪም የለም፤ እብጠት መስመሩን የተቋረጠ ያስመስለዋል፤ በቀዶ ሕክምናው ላይም በኤሌክትሪክ ይረጋገጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ግሊዮብላስቶማ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ጨርሳለች። ከአንድ ወር በኋላ የተነሳው ኤምአርአይ የደመቀው ቦታ እንደሰፋ ያሳያል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ በዚህ ወቅት ከአንድ ምስል ብቻ እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። ከ10 ታካሚዎች በግምት ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ጨረሩና ኬሞው የደም ሥሮቹን ስለሚያሾልኩና ቁጣ ስለሚያስነሱ፣ ዕጢው ሳያድግ ምስሉ ያደገ ያስመስለዋል። ባለሙያዎች ሐሰተኛ እድገት ይሉታል። አብዛኛው ጨረሩ ካለቀ በ3 ወር ውስጥ ይታያል፤ ኤምጂኤምቲ የተባለው ጂናቸው በሜቲል የተዘጋ ታካሚዎች ላይ ይበዛል፤ እነዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅማቸው ናቸው። በችኮላ «አልሠራም» ብሎ ማቋረጥ የሚጎዳው ይህን ወገን ነው።

በ2010 የወጣው፣ ራኖ የተባለው የአንጎል ዕጢ ሕክምና ውጤት መመዘኛ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት እድገት ነው የሚለው፣ አዲሱ ድምቀት ጨረሩ ካረፈበት ቦታ ውጭ ከሆነ ወይም በናሙና ከተረጋገጠ ብቻ ነው። በ2023 የታደሰው ደግሞ ከጨረሩ 4 ሳምንት ገደማ በኋላ የሚነሳውን ምስል እንደ አዲስ መነሻ ይይዘዋል። የባለቤትዎ ምስል ምናልባት ይኸው መነሻ ነው፤ የሚነጻጸረውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው ሳይሆን ከሚቀጥለው ጋር ነው።

በመሃሉ ፐርፊዥን ይረዳል። እውነተኛ እድገት ደም ይስባል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በጨረር የተጎዳ ወይም የሞተ ሕብረ ሕዋስ ዝቅ ይላል፣ በስፔክትሮስኮፒም ስብና ላክቴት ይበዙበታል። አስቸጋሪው አብዛኛው ታካሚ ሁለቱም ስላለው፣ ማለትም ሕያው ዕጢና የጨረር ጉዳት ተደባልቀው ስለሚገኙ፣ መካከለኛ ቁጥር መምጣቱ ነው። ያን ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ጠብቆ መድገም ነው፤ በሽተኛዋ ሁኔታዋ ካልከፋ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ፦ ከተቻለ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ዓይነት ኮንትራስትና መጠን ይነሳ። የቀድሞ ምስሎች በሲዲ ከነዋና ፋይላቸው ይያዙ፤ የታተመ ፊልም ለማነጻጸር አይበቃም። የዴክሳሜታዞን መጠን ከነቀኑ ይጻፍ፤ መጠኑ ሲጨምር ድምቀቱ ይደበዝዛል፣ ሲቀንስ ያገረሽ ይመስላል፣ ዕጢው ግን ላይለወጥ ይችላል። ቤቫሲዙማብ (የዕጢውን የደም ሥሮች እድገት የሚገታ መድኃኒት) ከተጀመረ ጉዳዩ ይገለበጣል፦ ድምቀቱ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፣ ይህም ሁልጊዜ መዳን አይደለም። በዚያን ጊዜ ኮንትራስት የሌለው የፍሌር ምስል (የነፃ ፈሳሽን ንጣት የሚያጠፋ የኤምአርአይ ዓይነት) እና ዲፊዩዥን ይታያሉ።

ጥያቄ፦ የራዲዮግራፊ ባለሙያ ነኝ። የፐርፊዥን ግራፋችን፣ ማለትም ኮንትራስቱ በአንጎል ሲያልፍ ምልክቱ ወርዶ የሚመለስበት መስመር፣ አንዳንዴ ዝርግ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከመነሻው በላይ ወጥቶ ይቀራል። ምን እናስተካክል?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው። ዝርግ ግራፍ ከመርፌው ይጀምራል። ካኑላው 18 ወይም 20 ጌጅ፣ ክርን መታጠፊያ ላይ፣ ቢቻል በቀኝ ክንድ ይሁን። ኢንጀክተሩ በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይግፋ፤ ወዲያው በዚያው ፍጥነት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ሳላይን ይከተለው። በቀጭን የእጅ ጀርባ ካኑላ በሰከንድ 2 ሚሊ ሊትር ከገፋችሁ ኮንትራስቱ ተዘርግቶ ይደርሳል፤ ልቡ የደከመ ታካሚም ላይ እንዲሁ ይሆናል። መርፌውን ቀድሞ በሳላይን ፈትኑት፤ ከደም ሥር የወጣ ኮንትራስት ለሌላ ቀን ቀጠሮ ይዳርጋል።

ከመነሻው በላይ የሚወጣው ከደም ሥር በሾለከ ኮንትራስት ነው። ሾልኮ የተጠራቀመው በቲ1 ውጤት (ኮንትራስት ምልክቱን የሚያደምቅበት ባሕርይ) ሲያደምቅ ግራፉ ወደ ላይ ይወጣና የደም መጠኑ ካለው ያነሰ ይሰላል፤ ከፍተኛ ደረጃ ዕጢ ዝቅተኛ መስሎ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ግራፉ በተቃራኒው ሳይመለስ ታች ከቀረ ቁጥሩ ይጋነናል። የመግነጢስ ኃይሉ 3 ቴስላ በሆነ ማሽን ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ አስቀድሞ ሙሉ መጠን ኮንትራስት ሰጥቶ በ60 ዲግሪ ፍሊፕ አንግል መሥራት፣ ወይ ቅድመ መጠኑን ትቶ አንግሉን ወደ 30 ዲግሪ ማውረድ፣ ቲኢ 30 ሚሊሰከንድ፣ ቲአር ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ። ኮንትራስትን ለሚቆጥብ ክፍል ሁለተኛው ይሻላል። በሁለቱም የሶፍትዌሩ የመሾለክ ማስተካከያ ይብራ፤ ከመርፌው በፊት ቢያንስ 30 የመለኪያ ነጥብ፣ በጠቅላላው 120 ነጥብ ይወሰድ።

ግራፉ ደህና ሆኖ ካርታው ላይ ጥቁር ጉድጓድ ካያችሁ ደግሞ ደም፣ ክሊፕ ወይም የአፍንጫ ጎን አየር ነው። ደምን አጉልቶ የሚያሳየውን የኤስደብሊውአይ ምስል ከጎኑ አስቀምጡ፤ ደም ያለበት ቦታ ላይ የወጣ ዝቅተኛ ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም። ቁጥሩን ስትለኩም ትልልቅ የደም ሥሮችን ራቁ።

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ዘረመሉን ከምስል ብቻ ማወቅ ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ጠንካራው ምልክት ቲ2ና ፍሌር የተባሉት ሁለት የኤምአርአይ ምስሎች አለመጣጣም ነው፦ በቲ2 ዕጢው በሙሉ ወጥ ሆኖ ይነጣል፣ በፍሌር መሃሉ ጠቁሮ ጠርዙ ብቻ ይነጣል። በአዋቂ ላይ በጥብቅ መመዘኛ ከታየ፣ አይዲኤች የተባለው ጂን የተለወጠበትና 1ፒ/19ኪው የተባሉት የክሮሞዞም ክፍሎች ያልጎደሉበት አስትሮሳይቶማ (የግሊዮማ ዓይነት) ለመሆኑ በጣም አስተማማኝ ነው። ምልክቱ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ብዙዎቹ የላቸውምና። በልጆች ላይ ሌሎች ዕጢዎችም ይመስሉታልና እንዳይታለሉ። ከዚህ ሌላ፣ አይዲኤች ሲለወጥ የሚጠራቀመው 2ኤችጂ የተባለ ኬሚካል በስፔክትሮስኮፒ በ2.25 ላይ ይታያል፤ ትንሽ ዕጢ ላይ ግን ከአጠገቡ ካሉት ኬሚካሎች መለየቱ ከባድ ነው።

ኤምጂኤምቲን ከምስል ለማንበብ የተሠሩ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሙከራዎች እስካሁን ለሕክምና ውሳኔ አይበቁም። የተረጋጋ መልክም ያታልላል፦ በ2021 ምደባ፣ አይዲኤች ያልተለወጠበት የአዋቂ ግሊዮማ የቴርት ጂን ለውጥ፣ የኢጂኤፍአር ጂን መብዛት ወይም የክሮሞዞም 7 ጭማሪና የክሮሞዞም 10 ጉድለት ከተገኘበት፣ ሞቶ የተበላሸ ክፍል ባይታይበትም ግሊዮብላስቶማ ይባላል።

ጥያቄ፦ ሪፖርቱ ላይ የደም መጠኑ 4.1 ተብሏል። ስንት ጊዜ ቀረኝ?

መልስ፦ ከዚህ ቁጥር ወር መቁጠር አይቻልም። ከፍ ያለ የደም መጠን በቡድን ደረጃ ቶሎ ከማገርሸት ጋር ይያያዛል፤ ግን ከእድሜ፣ ከአቅም፣ ከአይዲኤችና ከኤምጂኤምቲ፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከቀረው ዕጢ ጋር ተዳምሮ ነው የሚታየው። ቁጥሩ ራሱ በማሽንና በሶፍትዌር ይለያያል፤ የአንዱ 4 የሌላው 3 ሊሆን ይችላል። ዕጢ ቀርቶ እንደሆነ ለማየት ኤምአርአዩ ከቀዶው በ48 ሰዓት ውስጥ ይነሳል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ የቁስሉ ድምቀት ከዕጢ ጋር ይምታታል።

በግሊዮብላስቶማ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው፣ በ2005 የታተመው ጥናት ጨረርና ቴሞዞሎማይድ ለወሰዱት 14.6 ወር ብሏል። ይህ አማካይ ድንበር ነው፦ ግማሹ ከዚያ በላይ ኖሯል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ከአራቱ አንዱ በሕይወት ነበር። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ከሆነ ደግሞ ብዙዎች ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራሉና በ4.1 መደንገጥ ያለ ዘረመል ውጤት አይገባም። ሐኪምዎን «የናሙናዬ አይዲኤች ምን አለ? ምን ያህል ዕጢ ቀርቷል?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኩላሊቴ ደካማ ነው። ኮንትራስቱ ይቅርብኝ?

መልስ፦ መጠኑ በኪሎ 0.1 ሚሊሞል ነው፤ በ0.5 ሞላር መድኃኒት 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የኩላሊትዎ የማጣሪያ አቅም (በሪፖርት ላይ eGFR የሚባለው) ከ30 በታች ከሆነ ለክፍሉ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሞለኪውሉ ቀለበታማ የሆነው ዓይነት ይመረጣል፣ አደጋውም በጣም ዝቅተኛ ነው። ጨርሶ ካልተቻለ ኤኤስኤል የተባለው ፐርፊዥን ያለ ኮንትራስት ደሙን ራሱን በመግነጢስ ምልክት አድርጎ ይለካል። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ይጠይቃል፤ በ3 ቴስላ ማሽን የተሻለ ይወጣል፣ ምልክቱ ደካማ ስለሆነ ግን ትንንሽ ዕጢዎች ሊያመልጡት ይችላሉ።