የሕፃን ትንፋሽ ቆም ሲል

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጄን ጊዜውን ጠብቆ ከወለድኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል። በደንብ ይጠባል፤ ክብደቱም ጨምሯል። ሲተኛ ግን ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደንግጬ ሳነሣው መልሶ ይተነፍሳል። እናቴ «ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው» ትለኛለች፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምርመራ ያስፈልገው ይሆን?

መልስ፦ እናትዎ ብዙም አልተሳሳቱም። ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልጠና፣ ጨቅላ ሕፃን በተከታታይ ከተነፈሰ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆም ብሎ ማንም ሳይነካው ይቀጥላል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎልቶ ይታይና 6 ወር እስኪሞላው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው አተነፋፈስ በደጋ ይበልጥ ይዘወተራል፤ ቆላ በሆነችው ሸዋ ሮቢት ያለች ዘመድ «የእኔ ልጅ እንዲህ አላደረገም» ብትልዎ አይደንግጡ።

ልዩነቱን የሚነግረን የመቆሙ ርዝመትና አብሮት የሚመጣው ምልክት ነው። ድንጋጤ 5 ሰከንድን ደቂቃ ያስመስላልና፣ ደረቱንና ሆዱን እያዩ በሰዓት ይቁጠሩ፤ የከንፈሩንና የምላሱንም ቀለም ይመልከቱ። ትንፋሹ 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆመ፣ ወይም ጊዜው ቢያጥርም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ሰውነቱ ከዛለ መቁጠሩን ትተው ውስጥ እግሩን ወይም ጀርባውን ያሹት፤ ፈጽሞ አይነቅንቁት። ቢመለስም በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ትንፋሹ በዚህ መልክ ከተቋረጠ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

እዚያ የሚቀድመው ከደም ምርመራ ይልቅ ጥያቄ ነው፦ ተኝቶ ነበር ወይስ እየጠባ፣ ትን ብሎት ነበር ወይ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰልዎ። ትክትክ የያዘው ጨቅላ አንዳንዴ ሳያስል ትንፋሹ ብቻ ሊቋረጥ ይችላል፤ ክትባቱም በአገራችን የሚጀመረው በ6ኛው ሳምንት ስለሆነ ልጅዎ ገና አልተከተበም። ሐኪሙ እንደ ታሪኩ የደም ስኳርን፣ የኢንፌክሽን ምልክትን፣ የልብ ምትን፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሚጥል በሽታን ያያል። የኦክስጅን መጠኑ በደጋ ከቆላው ዝቅ ብሎ እንደሚነበብም ማስታወስ ያሻል። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ከ60 ቀን በላይ የሆነው፣ በጣም ያለጊዜው ያልተወለደ፣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ የገጠመውና ሲመረመር ጤነኛ የሆነ ሕፃን ብዙ ምርመራ አያሻውም። የእርስዎ ልጅ ግን 60 ቀን ስላልሞላው፣ ቀለሙ ቢለወጥ በዚህ መለኪያ አንዘናጋም።

ብርዱን ፈርተው የከሰል ማንደጃ የሚያስገቡበትን ክፍል በተለይ እንፈራለን፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ጤነኛውንም ሕፃን ያፍናል። በጋቢ ፊቱን አይሸፍኑት፣ በጀርባው ያስተኙት፣ ቅቤም በአፉ አይስጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

በጻፉልን መሠረት ልጅዎ የሚያሳየው የተለመደውን አተነፋፈስ ይመስላል። ሲቆም በሞባይልዎ ቀርጸው ያስቀምጡና በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ለባለሙያው ያሳዩ፤ ከላይ ያልናቸውን ምልክቶች ካዩ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ።